ማመልከቻሽ ያለው ባቄላው ማሳ ላይ ነው

አንዲት አንባቢ ስለ ፒኤችዲ ማመልከቻዋ የላከችልኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ። ዕድሜዬ 31 ነው፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ማስተርሴን በዕፅዋት ጥበቃ በ2014 ጨረስኩ፣ ውጤቴ 3.2 ነው። አሁን የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ለፒኤችዲ ያልሞከርኩበት ቦታ የለም፣ አሜሪካም ካናዳም አውሮፓም። ወይ ‹እናዝናለን› ይሉኛል፣ ወይ ጭራሽ መልስ የለም። ውጤቴ ዝቅ ስላለ ይሆን? አንድ ኤጀንሲ 90 ሺህ ብር ክፈይና ፉሊ ፈንድድ፣ ወጪው ሁሉ የሚሸፈን ቦታ እናስገኝልሻለን ብሎኛል። የአሜሪካው ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ፌሎሺፕስ ለኔ ይሆናል? ሦስት ዓመት የሆናት ልጅም አለችኝ፣ እናቴ ትይዝልኛለች፣ ግን አራት አምስት ዓመት ጥዬአት መሄድ አልችልም። ሞቲቬሽን ሌተሬን አያይዤዋለሁ፣ ይዩልኝ። ይቅርታ፣ አበዛሁብዎት። አንድ ነገር ብቻ፣ ባሶና ወራና ወረዳ ገበሬዎቹ ጋ ስዞር የሚገርመኝ አለ። ቆርምድ የሚባለው በሽታ ውሃ የሚተኛበትን የባቄላ ማሳ ድራሹን ሲያጠፋው፣ ያንኑ ዘር ዳገቱ ላይ ይምረዋል። ሁለት ክረምት በደብተሬ መዝግቤዋለሁ። ይሄ እንኳ ለፒኤችዲ የሚሆን አይመስለኝም።»

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለትንሿም ለእናትሽም።

በቀጥታ ልንገርሽ፣ ችግሩ ውጤትሽ አይደለም። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በትንሹ የሚጠይቁት 3.0 ነው፣ አንቺ ከዚያ በላይ ነሽ። 3.9 ይዞ የሚቀር አለ፣ ከአንቺ ያነሰ ይዞ የሚገባም አለ። ችግሩ ያያያዝሽልኝ ሌተር ውስጥ ነው። መፍትሔው ደግሞ ይቅርታ ጠይቀሽ መጨረሻ ላይ የጣልሻቸው መስመሮች ውስጥ ነው ያለው። እነዚያን መስመሮች ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ ብልሽ ማጋነን አይደለም።

ሌተርሽ እንዲህ ይጀምራል፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ልዩ ፍቅር ነበረኝ። ታዋቂ በሆነው ዩኒቨርሲቲያችሁ ተምሬ አገሬን መርዳት ሕልሜ ነው።» ከዚያ ሁለት ገጽ ሙሉ ታታሪ መሆንሽን፣ በቡድን መሥራት እንደምትችይ፣ ጫና እንደምትቋቋሚ ትነግሪያቸዋለሽ። ባቄላ የሚል ቃል የለበትም። ቆርምድ የለም። ባሶና ወራና የለም። አንዱን ደብዳቤ የዩኒቨርሲቲ ስም እየቀያየርሽ ለሁሉም እንደላክሽው ደግሞ ያስታውቃል፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስም ሳይቀየር ቀርቷል። ይህን ያየ አንባቢ ሦስተኛውን አንቀጽ አይጀምርም።

እስቲ ያን አንባቢ አስቢው። ብዙዎቻችን ስኮላርሺፕ ሲባል ለጎበዝ ተማሪ የሚሰጥ ሽልማት ይመስለናል። ፒኤችዲ ላይ ግን ነገሩ ለየት ይላል። ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ስዊድን ብትሄጂ የዶክትሬት ቦታ በአብዛኛው ሥራ ነው፣ እንደ ክፍት የሥራ መደብ ይወጣል፣ ደሞዝ አለው፣ ማመልከቻውም ገንዘብ አይጠየቅበትም። አሜሪካ ደግሞ ተማሪዋ ክፍል በማስተማር ወይም በፕሮፌሰሩ ምርምር ላይ በመሥራት ትከፈላለች፣ የትምህርት ክፍያዋም ይሸፈናል። ያ የምርምር ገንዘብ የሚመጣው ፕሮፌሰሩ አንድን ጥያቄ እመልሳለሁ ብሎ ካገኘው ፈንድ ነው። ስለዚህ ሰውየው ደብዳቤሽን ሲያነብ የሚፈልገው «ጎበዝ ናት ወይ» የሚለውን ብቻ አይደለም። ይህቺ ልጅ ምን ላይ ልትሠራ ነው፣ ከኔ ሥራ ጋር ይገናኛል ወይ፣ ጀምራ ትጨርሳለች ወይ፣ ይህን ነው። የልጅነት ፍቅርሽ ለዚህ መልስ አይሆነውም።

አንቺ ደግሞ መልሱ አለሽ! ሁለት ክረምት ማንም ሳያዝሽ፣ አበል ሳይከፈልሽ፣ በገዛ ደብተርሽ መረጃ ሰብስበሻል። ተመራማሪ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ቆርምዱ ልግባ፣ ምክንያቱም ነገሩ ከምታስቢው በላይ ከባድ ጉዳይ ነው። የበሽታው አምጪ ለዓመታት ኦልፒዲየም የሚባል ፈንገስ ነው እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ግን በኢትዮጵያ ቆርምድን የሚያመጣው ፊዞደርማ የሚባል ሌላ ፈንገስ ነው አለ። እነዚህ ፈንገሶች ስፖራቸው፣ ማለት የሚራቡበት ደቃቅ ዘር፣ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ዓይነት ናቸው። ውሃ የሚተኛበት ማሳ ተመታ፣ ዳገቱ ተረፈ ስትዪኝ እንግዲህ ተራ ወሬ እያወራሽ አይደለም። ከአምጪው ተፈጥሮ ጋር የሚገጥም ነገር በዓይንሽ አይተሻል። ሞረትና ጅሩ ወረዳ ገበሬው ጥቁር አፈሩን ቢቢኤም በሚባለው መሣሪያ ሰፊ መደብ እያወጣ ውሃውን ለስንዴው ያንጣፍፍ የለም? ታዲያ ባቄላው ላይ ውሃውን ማንጣፈፍ ብቻውን ቆርምዱን ይቀንሰዋል ወይ? ስንት ይቀንሰዋል? ዘር ከማከምና ፀረ ፈንገስ ከመርጨት ጋር ሲተያይ ለገበሬው የቱ ያዋጣዋል? ይሄ የሦስት አራት ዓመት ሥራ ይወጣዋል። እርግጥ ሁለት ክረምት የተመዘገበ ምልከታ ማስረጃ አይሆንም። የዳገቱ ማሳ የተረፈው በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት አምና ባቄላ አልተዘራበትም፣ ምናልባት አፈሩ ይለያል። ይህን ራስሽ ጽፈሽ ብታነሽው ደግሞ የበለጠ ያምኑሻል።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ለዩኒቨርሲቲ መጻፍ ትተሽ ለሰው ጻፊ። የማስተርስ ቴሲስሽን አውጪና ማጣቀሻዎቹን ተመልከቺ። በባቄላ በሽታና በአፈር ወለድ ፈንገስ ላይ ሁለት ሦስቴ ስማቸው የተደጋገመ ሰዎች አሉ። ጉግል ስኮላር ላይ ግቢና አሁንም እየሠሩ እንደሆነ፣ በቅርብ ምን እንዳወጡ እዪ። ኢሜይላቸው ብዙ ጊዜ ጽሑፋቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። የቅርብ ጊዜ ሥራቸውን ሁለቱን በደንብ አንብቢ፣ አብስትራክቱን ብቻ አይደለም። ከዚያ እንዲህ ያለ አጭር ኢሜይል ጻፊ፣ በእንግሊዝኛ ታደርጊዋለሽ፣ ግን ከዚህ ባይረዝም ጥሩ ነው፦

«የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ እኔ በኢትዮጵያ ሰሜን ሸዋ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። ማስተርሴን በዕፅዋት ጥበቃ ሠርቻለሁ። ባሶና ወራና በሚባል ደጋ ወረዳ የባቄላ ቆርምድን ሁለት ክረምት ተከታትያለሁ። አንድ ዓይነት ዘር ውሃ በሚተኛበት ማሳ ክፉኛ ሲጠቃ፣ ተዳፋት ላይ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው። አምጪው ፊዞደርማ ነው የሚለውን ጥናት ካነበብኩ በኋላ፣ የአፈሩ ውሃ መያዝ የበሽታውን መጠን ምን ያህል እንደሚወስን ማጥናት እፈልጋለሁ። እርስዎ በቅርብ ባወጡት ጽሑፍ አፈር ውስጥ ያለውን የፈንገስ መጠን የለኩበት ዘዴ ለዚህ ጥያቄ ይሠራል ብዬ አስባለሁ። በሚመጣው ዓመት የዶክትሬት ተማሪ የመቀበል ሐሳብ አለዎት? ሲቪዬንና የአንድ ገጽ የጥናት ሐሳብ አያይዣለሁ።»

በቃ። «ክቡርነትዎ» የለም፣ «ዕድሉን ቢሰጡኝ ዕድሜ ልኬን» የለም። የጽሑፋቸውን ነገር ስትጠቅሺ ግን እውነት አንብበሽው ይሁን። ለእያንዳንዱ ሰው ያ አረፍተ ነገር የተለየ መሆን አለበት፣ ሌላው ሊመሳሰል ይችላል። ብዙዎቹ አይመልሱም፣ ይህን ከወዲሁ ተቀበይው። ሁለት ሳምንት ጠብቀሽ አንድ ጊዜ ታስታውሻቸዋለሽ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ታልፊያለሽ። «በዚህ ዓመት ገንዘብ የለኝም» ብሎ የመለሰልሽ ሰው ግን እንቢ አላለሽም። አመስግነሽ፣ የሚያውቁት ሌላ ሰው ካለ እንዲጠቁሙሽ ጠይቂ።

ሩቅ ከመጻፍሽ በፊት ደግሞ እዚሁ ያለውን በር አንኳኪ። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከተማሽ ውስጥ ነው። ሆለታ በጥራጥሬ፣ አምቦ በዕፅዋት ጥበቃ የቆየ የምርምር ስም አላቸው። ባቄላን ከዋና ሰብሎቹ አንዱ አድርጎ የሚሠራው ዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳም አዲስ አበባ፣ የእንስሳት ምርምር ተቋሙ ኢልሪ ግቢ ውስጥ ቢሮ አለው። ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ወደ ንጹሕ ሠንጠረዥ ገልብጠሽ፦ ማሳ፣ ቀበሌ፣ የተዘራበት ቀን፣ ውሃ ይተኛል ወይስ አይተኛም፣ ምልክቱ የታየበት ቀን፣ ስንት ተክል እንደተጠቃ። እዚያ ያለ ተመራማሪ አብሮሽ አንድ ክረምት ቢሠራና ከዚያ ትንሽ ጽሑፍ ቢወጣ፣ ለማመልከቻሽ የሚጠቅመውን ያህል ምንም አይጠቅመውም። በሳምንት እናትማለን ብለው ገንዘብ የሚጠይቁ ጆርናሎች ጋ ግን እንዳትሄጂ፣ የሚያውቅ ሰው ሲያይ ሲቪሽን ያበላሸዋል።

የትኛው በር ክፍት እንደሆነ እንይ። የናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽኑ የተመራቂ ተማሪዎች ፌሎሺፕ ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ነው፣ ተዪው። ነገር ግን ከዚያው ፋውንዴሽን ፈንድ ያገኘ ፕሮፌሰር አንቺን በምርምር ረዳትነት ቀጥሮ ሊከፍልሽ ይችላል፣ ገንዘቡ በሌላ በኩል ይደርስሻል ማለት ነው። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ነው። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕም ለአባል አገሮች ነው፣ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም፣ ስንቱ ወጣት ነው በየዓመቱ እዚያ ላይ ጊዜውን የሚያቃጥለው!

የጀርመኑን ስኮላርሺፕ ሰጪ ድርጅት፣ ዳድን (DAAD) በደንብ እዪው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞቹ የመጨረሻ ዲግሪሽን ከያዝሽ 6 ዓመት እንዳያልፍ ይጠይቃሉ። አንቺ በ2014 ነው የጨረስሽው፣ 2020 ደግሞ ሩቅ አይደለም። የሚቀበልሽ ፕሮፌሰር ደብዳቤም ይፈልጋሉ፣ ያ ኢሜይል እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ኦውስድ የሚባለው፣ ጣሊያን ትሪየስት ያለው በታዳጊ አገሮች የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት፣ ሴቶች በሌላ ታዳጊ አገር ሄደው ፒኤችዲ እንዲሠሩ ፌሎሺፕ ሲሰጥ ቆይቷል፣ የዚህን ዓመት ጥሪ አጣሪ። የአውሮፓው ማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርክ ቦታዎች ዜግነት አይለዩም፣ ዋናው ደንባቸው ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ በምትሄጂበት አገር ከ12 ወር በላይ አለመኖርሽ ነው፣ አንቺ ደግሞ ከደብረ ብርሃን አልወጣሽም። ዩራክሰስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ። ፉልብራይት የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕም አለ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ነው፣ ለፒኤችዲ ይሆን እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ ስትጨርሺ 2 ዓመት አገርሽ እንድትቆይ የሚያስገድድ ቪዛ እንደሆነ አውቀሽ ግቢበት።

የልጅሽን ነገር ከልቤ አስቤበታለሁ። ላንቺ የሚስማማሽ ሳንድዊች የሚሉት ዓይነት ፒኤችዲ ነው። መጀመሪያ ወራት እዚያ ትማሪያለሽ፣ ፕሮፖዛልሽን ታዘጋጂያለሽ፣ መሃሉን የመስክ ሥራ አገርሽ ላይ ትሠሪያለሽ፣ መጨረሻ ላይ ለመጻፍ ትመለሻለሽ። ኔዘርላንድስ ያለው የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ በዚህ ይታወቃል። ጥያቄሽ ባሶና ወራና ማሳ ላይ ስለሆነ ማንም «ለምን አገርሽ ትሠሪያለሽ» አይልሽም፣ ሌላ ቦታ ሊሠራ አይችልማ። ሙሉ ዘመኑን ውጭ የሚያስቆይ ከሆነ ደግሞ የቤተሰብ ድጎማ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ዳድ ለረጅም ጊዜ ተማሪዎቹ የቤተሰብ ድጎማ ይሰጣል። ጥያቄው አያሳፍርም፣ ዕድልሽንም አይቀንስም።

ኤጀንሲውን በሚመለከት አጭር ነው መልሴ፣ እንዳትከፍይ። ከላይ ከጠራኋቸው አንዱም በደላላ አያልፍም። እነሱ የሚያደርጉት አንቺ ያደረግሽውን ነው፣ አንድ ደብዳቤ ለሃምሳ ቦታ መበተን፣ ያውም ባንቺ ስም። 90 ሺህ ብሩን ለእንግሊዝኛ ፈተናና ለሰነድ አቆዪው፣ ከዚያም ይተርፍሻል።

ሪኮመንዴሽን ላይ የሁላችንም ችግር አለ። አድቫይዘርሽ «አንቺው ጽፈሽ አምጪና ልፈርም» ይሉሽ ይሆናል። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ግን ራስሽ የጻፍሽው ሦስት ደብዳቤ በአንድ ቋንቋ ይናገራል፣ አንባቢው ያውቀዋል፣ ትክክልም አይደለም። ይልቅ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይዘሽላቸው ሂጂ። ቴሲስሽ ምን ላይ እንደነበር፣ የትኛውን ሙከራ ብቻሽን እንደሠራሽ፣ የከበደሽና የተወጣሽው ምን እንደሆነ፣ አሁን ማን ጋ ምን ልታጠኚ እንደምታመለክቺ። «እርስዎ በሚያውቁኝ ልክ ይጻፉልኝ» በያቸው። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጠይቂ፣ ሳምንት ሲቀረውም ደውለሽ አስታውሺ። ከተቻለ ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ይላኩ፣ ከያሁና ከጂሜይል የመጣ ደብዳቤ ብዙ ቦታ ተቀባይነት የለውም። የወረዳ ኃላፊሽ አንዱን ቢጽፉልሽ መልካም ነው፣ ማሳ ላይ ያየሽውን ያውቃሉ። ሌሎቹ ሁለቱ ግን የምርምር ሥራሽን ያዩ መምህራን ይሁኑ።

ሰነዱን አሁኑኑ ጀምሪው፣ ዴድላይን ሲደርስ አይደለም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሪጅስትራር ለማስላክ የኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ ይጠየቃል፣ ያላለቀ ክፍያ ካለብሽ አስተካክይው። ስምሽ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በትራንስክሪፕት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን አስተያዪ፣ አንድ ፊደል ተለይቶ ስንቱን አስቸግሯል። አይኤልቲኤስና ቶፍል የሚያገለግሉት 2 ዓመት ነው፣ ቀድመሽ ተፈትነሽ እንዳይቃጠልብሽ። ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ወርደሽ ከመፈተንሽ በፊት ደግሞ የትኛውን እንደሚቀበሉ፣ ማስተርስሽን በእንግሊዝኛ እንደተማርሽ የሚገልጽ ደብዳቤ ይበቃቸው እንደሆነ በኢሜይል ጠይቂ፣ የሚበቃቸው አሉ። የአሜሪካ ማመልከቻ በዶላር ያስከፍላል፣ ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲ ፊ ዌቨር፣ ማለት ክፍያውን የሚያስቀር ፈቃድ፣ አለው፣ ከዴድላይኑ ሳምንታት ቀደም ብለሽ ከጠየቅሽ ነው የሚሠራው።

የአሜሪካዎቹ ዴድላይን በብዛት ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ ነው፣ በኛ ከኅዳር 22 አካባቢ ጀምሮ በይው። በምሥራቁ አሜሪካ በክረምታቸው እኩለ ሌሊት ሲሆን ደብረ ብርሃን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በዚያው ወቅት ጀርመን እኩለ ሌሊት ሲሆን ደግሞ እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ስለዚህ ሦስት ቀን ቀድመሽ ጨርሺው። ቦታ ከሰጡሽ ከብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለመልስ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለት እስከ ሚያዝያ 7 ጊዜ አለሽ፣ የመጀመሪያውን ተጣድፈሽ እንዳትፈርሚ።

የመጨረሻው የመሥሪያ ቤትሽ ጉዳይ ነው። የትምህርት ፈቃድ ሰጥተው ከላኩሽ ተመልሰሽ የምታገለግይበት ውል ያስፈርሙሻል፣ ዋስም ይጠራል። ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ብታቋርጪ ምን እንደምትከፍይ፣ ደሞዝሽ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል፣ ይህን በጽሑፍ ጠይቂ፣ ዋስ የሚሆንሽም ሰው ያንብበው። ለአለቃሽ መቼ እንደምትነግሪ ደግሞ፣ እኔን ከጠየቅሽኝ፣ አሁን ንገሪያቸው። የዚህ ክረምት ባቄላ ከመዘራቱ በፊት የምትከታተያቸውን ማሳዎች መምረጥ አለብሽ፣ ለዚያ የሳቸው ፈቃድና የልማት ሠራተኞቹ እገዛ ያስፈልግሻል። የዳገቱንና የታችኛውን ማሳ የአምና ሰብል ዘንድሮ መመዝገብ አትርሺ።